ላዩ ፎር ባይ ፎር፣ ውስጡን ለቄስ

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አዲስ አበባ ካሉት ትልልቅ ካፌዎች አንዱ በር ላይ ተቀመጡና መንገዱን ተመልከቱ። ሰሃራን ሊያቋርጥ የተነሣ የሚመስል አሮጌ ላንድክሩዘር ማኪያቶ ሊጠጣ ይመጣል። ጣሪያው ላይ ፖርቶ መጋላ፣ ፖርቶ መጋላው ላይ ሁለት ጀሪካን፣ አንድ አካፋና ከአሸዋ መውጫ ሰሌዳዎች። ከፊቱ ሁለት ሰው የማያነሣው የብረት ፓራውልት። ከፓራውልቱ በላይ ፓውዛ፣ ከፓውዛው በላይ ሌላ ፓውዛ። ጀሪካኖቹ ባዶ ናቸው። አካፋው እጀታ ላይ የተለጠፈው የዋጋ ወረቀት ገና አልተነሣም። መኪናው በዚህ ዓመት ካየው መንገድ ሁሉ የከፋው፣ ባለቤቱ ሰፈር ለውሃ ቧንቧ ተቆፍሮ ሳይደፈን የቀረው ነው።

ለላንድክሩዘር ጥላቻ እንደሌለኝ ከወዲሁ ይታወቅልኝ። ቢኖረኝስ ማን ይሰማኛል? በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠጡ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህማ አሮጌው ሁሉ ተከብሯል። ድሮ «በተገኘው ዋጋ ይሸጥ» ይባል የነበረው መኪና ዛሬ እንደ ርስት ወንድማማች ያጨቃጭቃል። መኪናው ሲከበር ታዲያ ባለቤቱ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አልቻለም። አንድ ነገር ካልጨመረበት ያከበረው አይመስለውም።

መኪናው ግን ለዚህ ስም የበቃው በጭማሪ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1951 ቶዮታ የመጀመሪያውን ናሙና ሲሠራ፣ የሙከራ ሾፌሩ ፉጂ ተራራን እስከ ስድስተኛው ማረፊያ ድረስ ወጥቶበታል፤ ያኔ ፓውዛ አልነበረውም። ላንድክሩዘር የሚለው ስም ራሱ የመጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የ70 ዘር ደግሞ ዛሬም ይመረታል። ብዙዎቹ የተሸከሙት ዋን ኤች ዚ የሚባለው ሞተር ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ተርቦ የሌለው፣ ከኮምፒዩተር ጋር የማይተዋወቅ የናፍጣ ሞተር ነው። ዘይቱን በወቅቱ ከቀየሩለት ብዙ አያስቸግርም። ምናልባት በደሉም ይኸው አለማስቸገሩ ነው፤ ዝም ብሎ የሚያገለግልን ማን ዞር ብሎ ያየዋል?

የብዙዎቹ ታሪክ የሚጀምረው ከጨረታ ነው። አንድ የእርዳታ ድርጅት መኪናውን ለዓመታት በደብተር ሲያስተዳድረው ይኖራል፤ ዘይት በዚህ ቀን ተቀየረ፣ የፍሬን ሸራ በዚህ ኪሎ ሜትር ታየ፣ ሾፌሩ እገሌ ፈረመ። ከዚያ ጨረታ ይወጣና አዲስ ባለቤት ያገኛል። በሩ ላይ አርማው የተላጠበት ቦታ ከሌላው ቀለም ነጣ ብሎ ይታያል። የአዲሱ ባለቤት የመጀመሪያ ሥራ ይህን ነጭ ጥላ በጥቁር ቀለም ማስጠፋት ነው። ሁለተኛው ሥራ ደብተሩን መጣል ነው።

ባለፈው ሰሞን አንድ ጋራዥ ቆሜ የሰማሁትን ላውጋችሁ። ባለቤቱ ጎልማሳ ነው፤ መካኒኩ ዕድሜያቸውን በመኪና ሥር የጨረሱ ሽማግሌ።

«ጋሼ፣ አራት ኢንች ከፍ ያድርጉልኝ።»

«ከሥሩ ምን ሊያልፍ ነው?» አሉ ጋሼ።

«ኧረ ለመልክ ነው።»

ጋሼ ዝም አሉ። ከዚያ ካርቶን አንጥፈው ከሥር ገቡና ጎልማሳውንም ጎንበስ አስባሉት። እኔም ያልተጠራሁት አብሬ ጎነበስኩ። በእጅ ባትሪያቸው መጀመሪያ ያሳዩት ከሻንሲው ወደ ዲፈረንሻሉ የምትወርደውን የፍሬን ጎማ ቱቦ ነው። መኪናው ከፍ ሲል እሷ ትወጠራለች፤ ጎማው ጉድጓድ ገብቶ ሲንጠለጠል ደግሞ ትበጠሳለች። ቀጥለው ከኋላ ባትሪውን አንዲት ጭቃ የሸፈናት ቫልቭ ላይ አሳረፉ። በቀጭን ዘንግ ከዲፈረንሻሉ ጋር ተያይዛለች። ሥራዋ ጭነት መመዘን ነው፤ መኪናው ሲጫን ወደ ታች መውረዱን በዘንጓ አውቃ ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ኃይል ትለቃለች፣ ባዶ ሲሆን ትቀንሳለች። መኪናውን አራት ኢንች ከፍ አድርጎ እሷን መርሳት ማለት ዘለዓለም «ባዶ ነን» እያሉ መዋሸት ማለት ነው። ስምንት ሰውና ሁለት በግ ጭናችሁ ስትወርዱም ፍሬኑን የምታድለው በባዶ ሒሳብ ነው።

«ቱቦው በረጅም ይቀየር፣ የቫልቯ ዘንግ ይስተካከል፣ መሪውም አደባባይ ዞሮ አልመለስ እንዳይል የፊት ጎማዎቹ ማዕዘን ይታይ» አሉ ጋሼ።

«ስንት ይፈጃል?»

ነገሩት።

«እሱ ለጊዜው ይቆየን። ፓውዛው ግን ዛሬ ያልቃል አይደል?»

ፓውዛውን ዋሽንግተን ያለች እህቱ ናት በሻንጣዋ ይዛለት የመጣችው። ሁለት ሻንጣ ከሚፈቀድላት አንዱን ለፓውዛ ሰጥታ፣ የእናቷን መድኃኒት በእጅ ቦርሳ ይዛ ገባች። አሁን ማታ ማታ ቀለበት መንገድ ላይ ከፊት የሚመጣውን ሁሉ እያሳወረ ይነዳል። አንድ ቀን የሚያሳውረው ሰው ፍሬኑን ሊፈትንለት ይችላል።

ጋሼ በጄ ባይሉም እሳቸው እንቢ ያሉትን የሚሠራ አይጠፋም። ሁለት በር አልፎ ያለው በያጅ ከአይሱዙ የወጣ ባሌስትራ ቆርጦ ይጨምርለታል፤ ያም ካልሆነ በዲፈረንሻሉና በባሌስትራው መሐል ጡብ የሚያክል ብረት ይሸጉጥለታል። ከኋላ እንኳ የሚያወላውል ይህ ዘዴ ከፊት ጭራሽ መሞከር የለበትም። ባሌስትራን መበየድማ ሌላ ጉድ ነው። ብረቱ የሚለመጠውና የሚመለሰው በተቀበለው የእሳት ልክ ነው፤ የብየዳ እሳት ሲነካው ያ ልክ ይጠፋና ቀን ጠብቆ ብየዳው አጠገብ ይሰበራል። አንጥረኛው ከአሮጌ ባሌስትራ ማጭድና ቢላዋ ሲሠራ ያምርበታል፤ እሱ ቢያንስ ብረቱን ዳግመኛ አግሎና ነክሮ ነው የሚለቀው።

ከፍታው ከመጣ ጎማው መከተሉ አይቀርም። ባለ 31 ኢንች ወጥቶ ባለ 33 ይገባል። ጎማው ሲተልቅ በአንድ ዙር የሚሄደው መንገድ ይረዝማል፣ ቆጣሪው ግን ይህን የነገረው የለም። እሱ 80 ሲል መኪናው 85 ላይ ነው። የተጓዘውንም ኪሎ ሜትር በዚያው ልክ አሳንሶ ይጽፋል፤ ለዚህ ኋላ እመለሳለሁ።

ከሁሉ የገረመኝ የጎማ ግዢው ነው። ጎማ ጎኑ ላይ አራት ቁጥሮች ተቀርጸውበታል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተመረተበት ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው። ሶማሌ ተራ አንድ ወዳጄ ጎማ ሲመርጥ አብሬው ነበርኩ። ወዳጄ የተማረ ሰው ነው፣ ስለ አራቱ ቁጥሮችም አንብቧል። ጎንበስ አለና «2315» ብሎ አነበበ። ፊቱ በራ። «በ2015 የተመረተ! ገና ትኩስ እኮ ነው!» ሻጩ አንገቱን ነቀነቀ፤ ደንበኛ በደስታ ላይ እያለ ማን ያርመዋል? ጎማው የተመረተው ግን እ.ኤ.አ. በ2015፣ በኛ ግንቦት 2007 ዓ.ም. ነው። በአሥራ ሦስት ወር ጸጋችን ስምንት ዓመት ዕድሜ ቀጠልንለት። ብዙ አምራቾች ጥርሱ ምንም ያህል ቢያምር ከ10 ዓመት በላይ የሆነ ጎማ ይጣል ይላሉ፤ የሚያረጀው ጥርሱ ሳይሆን ላስቲኩ ነውና። ወዳጄ ግን ጥርሱን በጣቱ እየለካ «አልተነካም እኮ!» እንዳለ ከፈለ። እውነቱን ነው፣ አልተነካም፤ ስንት ክረምት መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ማን ይነካዋል?

ስኖርክል የሚሉትን እዚህ ላይ ሳላነሣ ባልፍ ይከፋኛል። ከኮፋኖው ጎን ወጥቶ እስከ ጣሪያው የሚደርሰው የአየር ቱቦ ነው። ሞተሩ ወንዝ ሲሻገር ውሃ እንዳይጠጣ፣ በአቧራ መንገድም ትንሽ ንጹሕ አየር እንዲያገኝ ይጠቅማል። ውሃ አይታመቅምና ሲሊንደር ውስጥ ከገባ ቢዬላ ያጎብጣል። የኛ ሰፈሩን ኮፋኖ ከፍተን ብናየው ቱቦው በሲሊኮን ተለጥፏል እንጂ ከጀርባው ቀዳዳ የለውም። ሞተሩ እንደ ድሮው በድሮው አፍንጫው ይተነፍሳል። ላላወቀው ወንዝ የሚያሻግር መኪና ነው፤ የሚያውቀው ሞተሩ ብቻ ነው።

ጉልበት አነሰው የሚሉት ደግሞ ፖምፓ ያስከፍታሉ። የአዲስ አበባ አየር ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ ተርቦ የሌለው ናፍጣ እዚህ ቢለግም አይፈረድበትም። ናፍጣ ሲጨመርለት ግን አየሩ አብሮ አይጨመርም። ትርፉ ከኋላ ያለው ሾፌር የሚውጠው ጥቁር ጭስና የሚግል ቴስታታ ነው።

አሁን ወደ ቆጣሪው። ከእነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ ዳሽቦርድ ላይ «ቲ-ቤልት» የምትል ትንሽ መብራት አለች። በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ትበራና የታይሚንግ ቺንጋው ይቀየር ትላለች። ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ሞተሩም አለቀለት። በትልልቅ ጎማ የሚሄድ መኪና ቆጣሪው ስለሚያሳንስ መብራቷ ራሷ ስድስት ሺህ ያህል ኪሎ ሜትር ዘግይታ ነው የምትበራው። አንድ ባለመኪና ይህች መብራት ስትበራ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጥቁር ፕላስተር ለጠፈባት። ማታ ማታ ዓይኑን ትወጋዋለቻ!

ይህ ሁሉ አዲስ አበባ ላይ ላያስታውቅ ይችላል። መልሱ የሚገኘው ዓባይ በረሃ ላይ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት እየሳበ ያረጃል። የተለመደው ዶት 3 አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ሲጠጣ ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ሲረግጡት ይታመቃል፤ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ መኪናው ይቀጥላል። ያን ጊዜ ጣሪያ ላይ ያለው አካፋና ጀሪካን ክብደት ከመጨመር በቀር ሥራ የላቸውም። በማግስቱ «ፍሬን እምቢ ብሎት» ይባላል። ዘይቱን ስንት ዓመት እንዳልቀየረ የሚጠይቅ የለም።

ቱሪስት ይዞ ዳሎል የሚወርድ አንድ ሾፌር አውቃለሁ። መኪናው በዕድሜ ከእነዚህ ሁሉ አያንስም፤ ካፌ በር ላይ ቢቆም ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ጌጥ ቢባል ያለው ሁለት ትርፍ ጎማ ነው። ማለዳ ማለዳ ቁልፍ ይዞ የየጎማውን ዳዶ አንድ በአንድ ይነካል። በወር አንድ ጊዜ፣ መንገዱ ባያስፈልገው እንኳ፣ ለስላሳ መሬት ፈልጎ ፎር ባይ ፎር አስገብቶ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይነዳል፤ የፊተኛው ዲፈረንሻል ዘይቱ እንዲያዳርስለት ነው። የቶዮታ መመሪያም በወር ቢያንስ 16 ኪሎ ሜትር ይላል። ከመቀመጫው ሥር ያለችውን ሣጥን ከፍቶ አሳይቶኛል። ያገለገለ ግን ያልተበጠሰ ቺንጋ፣ ሽቦ፣ የከመነዳሪ ቁራጭ፣ ታኮ የሚሆን እንጨትና ግማሽ የልብስ ሳሙና። «ሳሙናው ምን ይሠራል?» አልኩት። የናፍጣ ጋን ድንጋይ ሲበሳው ይለቀለቅበታል፤ እስከሚቀጥለው ከተማ ያደርሳል። ፓውዛ ለምን እንዳላስገባ ስጠይቀው «ማታ አልነዳም» አለኝ።

ከሁሉ ትዝብት የሚያተርፈው የቦሎ ሰሞን ነው። ያን ሰሞን ጎማ ከዘመድ ይዋሳሉ፣ እሳት ማጥፊያ ከጎረቤት ይመጣል፣ ፓውዛው ይፈታል። ምርመራው ሲያልፍ ጎማውም እሳት ማጥፊያውም ወደየባለቤቱ፣ ፓውዛው ወደ ቦታው። በዓመት አንድ ቀን ደኅና መኪና እንነዳለን፤ እሱንም በተበደርነው ጎማ።

አሮጌ ላንድክሩዘር ልትገዙ ያሰባችሁ እንግዲህ፣ ሻጩ ፓውዛውን ሊያበራላችሁ ሲል አመስግናችሁ ከሥር ግቡ። ከመግባታችሁ በፊት ግን ታኮ አድርጉ፤ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር አትግቡ። የፍሬን ቱቦዎቹን በጣታችሁ እጠፍ አድርጋችሁ ስንጥቅ ካለ እዩ። ዳሽቦርዱ ላይ ፕላስተር ካገኛችሁ አንሡት። ጎማው ላይ ካሉት አራት ቁጥሮች የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ወስዳችሁ ስምንት ቀንሱ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከ37 በላይ ከሆኑ ግን ያ ጎማ ከመስከረም ወዲህ የተመረተ ነውና የምትቀንሱት ሰባት ብቻ ነው።