ማሙሽ ከነሽበቱ

ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ፣ መንገደኛ መቀበያው ላይ አበባ ታቅፎ የቆመ ቤተሰብ የያዘውን ወረቀት አንብቡልኝ። «እንኳን ደህና መጣህ ማሙሽዬ!» ይላል። ሻንጣ የተቆለለበትን ጋሪ እየገፋ ብቅ የሚለው ማሙሽ ግን ሽበት የወረሰው፣ ቦርጩ ከጋሪው ቀድሞ የሚደርስ የሦስት ልጆች አባት ነው። አክስቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ «ምነው ማሙሽዬ፣ ከሳህብኝ!» ትላለች። ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ስም ብትጠይቋቸው ግማሾቹ እርስ በርስ ይተያያሉ።

እኛ ጎልማሳውን በሕፃን ስም ስንጠራ፣ የሳይንስ ሰዎች ደግሞ ሕፃኑን የአዋቂ ስም አሸክመውታል። ዴንማርካዊው ኦቶ ፍሪድሪክ ሙለር እ.ኤ.አ. በ1785 በወጣ መጽሐፉ አንዲት አንድ ዓይንና ሦስት ጥንድ እግር ያላት ደቃቅ የውሃ ፍጡር ራሷን የቻለች እንስሳ መስላው «ናውፕሊየስ» አላት። ናውፕሊየስ በግሪክ ተረት የባሕሩ አምላክ የፖሲዶን ልጅ፣ ስመ ጥር መርከበኛ ነው። እሷ ግን ገና ከእንቁላል የወጣች እጭ ናት እኮ! ጫጩትን «ፊታውራሪ» እንደማለት ነው። ሌላዋን እጭ ደግሞ በመርከበኛው እናት ስም «አሚሞኔ» አላት። የሁለቱን እጮች እውነተኛ ወላጅ፣ ሳይክሎፕስን፣ የሰየመውም እሱው ራሱ ነው። ሁሉንም በየመዝገቡ አስፍሮ ዝምድናቸውን ብቻ ዘለለው።

ፈረንሳዊው ቦስክም የሸርጣንን እጭ እንደ ሙሉ እንስሳ ቆጥሮ «ዞኢያ» ብሏት ነበር፤ ከግሪክኛው «ሕይወት» የመጣ ነው። አየርላንድ የነበረው የጦር ሠራዊት ሐኪም ጆን ቮን ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1828 «ይቺ የሸርጣን ልጅ ናት» ብሎ ሲጽፍ፣ አንዳንድ ሊቃውንት ዓመታት ሙሉ አንቀበልም አሉ። ኋላ አመኑ፤ ስሞቹን ግን የሚነካቸው ጠፋ። ናውፕሊየስና ዞኢያ ዛሬ የዕድሜ ደረጃ መጠሪያ ናቸው። የኛዋ አክስትስ በምን ትታማለች?

ከቦሌ በአገር ውስጥ በረራ ተሳፍሮ ጋምቤላ የወረደ ሰው ሳይክሎፕስን በሌላ ወሬ ያገኛታል። ስሟ የተረቱ አንድ ዓይና ግዙፍ ስም ነው፤ ቁመቷ ግን አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ነው። ጊኒ ዎርም የተባለውን ጥገኛ ትል እጭ በሆዷ ስለምትይዝ፣ የጤና ባለሙያዎች የኩሬ ውሃ በጨርቅ አጥልላችሁ ጠጡ ይላሉ። ግዙፏ ጨርቁ ላይ ትቀራለች።