ጋሼ በ83 እጥፍ

ሞያሌ ውስጥ ዕቃ የሚገዛ ሰው ከዋጋው በፊት የሚጠይቀው አገሩን ነው። ብርድ ልብሱ ከየት ወገን ነው? ቴርሞሱስ? «የኬንያ ነው» ከተባለ አንድ ዋጋ፣ «ከላይ የመጣ ነው» ከተባለ ሌላ ዋጋ ይጠራል። ገልብጠው ቂጡን ቢያዩት ሁለቱም የቻይና ናቸው። ይህን ለሻጭ መናገር ግን ነውር ነው።

እኔ የምኖረው በኬንያው ሞያሌ ነው። ሥራዬ ትራንዚተርነት ነው፤ የሰው ዕቃ ሲያልፍ ወረቀቱን ይዤ እሮጣለሁ። ሁለቱ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 የጋራውን የድንበር ጣቢያ መርቀው ከከፈቱ ወዲህ ሩጫው ቀንሷል፣ ወረቀቱ ግን እንደዚያው ነው። የባለቤቴ ቤተሰብ በሙሉ የሚኖረው በወዲያኛው፣ በኢትዮጵያው ሞያሌ ነው። ለትዳር የሚመች ርቀት ነው። ለዕዳ ግን አይመችም፤ ታላቅ ወንድሟ ለአይሱዙያቸው ጎማ ብለው ከእኔ የተበደሩት ገንዘብ ኬላውን ተሻግሮ መመለስ አቅቶታል። እሳቸውን ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ታላቅ ናቸው፣ የሚስት ወንድም ናቸው፣ ሽማግሌ ሆነው ትዳሬን ያስማሙ ናቸው። እንዲህ ያለውን ሰው «ገንዘቤን» ማለት እንዴት ይቻላል? በስልክ ጤንነታቸውን እጠይቃለሁ፤ እሳቸውም ሁልጊዜ ደኅና ናቸው፣ ሁልጊዜም መንገድ ላይ ናቸው።

ካሜራ ልገዛ ተነሳሁ፤ ያስፈለገኝ ግን ለዕዳው ሳይሆን ለሌላ ጉዳይ ነው። አንደኛው ወፍ ነው። ከዚህ ወደ ሰሜን ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሄዱ ያቤሎ ይደርሳሉ። እዚያ አካባቢ፣ በያቤሎ፣ በመጋና በአሬሮ መሐል ካለው መሬት በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኝ ቁራ አለ። ሰውነቱ ግራጫ፣ ክንፉና ጅራቱ ጥቁር፣ ዓይኑ ዙሪያ ደግሞ የተኳለ ይመስል ሰማያዊ ነው። ሳይንስ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው፤ የቦረና እረኛ ቀድሞም ያውቀዋል። ከእንግሊዝና ከጀርመን ሰዎች እሱን ለማየት ብለው አውሮፕላን ተሳፍረው ሲመጡ እኔ ጎረቤቱ ሆኜ አንድ ፎቶ የለኝም። ሁለተኛው ሠርግ ነው። በእኛ ሠርግ ፎቶ አንሺና ሙሽራ መካከል ሁልጊዜ ሠላሳ የሚሆኑ አክስቶች ይቆማሉ፤ ከእነሱ አናት በላይ አልፎ የሚያይ ነገር ያስፈልጋል።

«ካሜራ ልገዛ ነው» ባልኩ ማግስት ከተማው በሙሉ አማካሪ ሆነ። ናይሮቢ የምትማረው የእህቴ ልጅ «አጎቴ፣ በዚህ ዘመን ካሜራ ማን ይገዛል? ስልክ ግዛ» አለችኝ። የከባድ መኪና ሹፌሮች ስለ ባትሪ ብቻ ጠየቁኝ። ጎረቤቴ ሐጂ ደግሞ ጢማቸውን እያሻሹ «ጨረቃ ያሳያል?» አሉ። የኢድን ጨረቃ ማለታቸው ነው።

«ያሳያል ይላሉ፣ ሐጂ።»

«እኔ በዓይኔ ካላየሁ አላፈጥርም። ግን ዓይኔን ወዴት እንደማዞረው ይንገረኝ።»

ከሁሉም ምክር የሚረባው ይኸው ሆነ፤ ስለ ዙም ያወሩት ሐጂ ብቻ ናቸውና።

መጀመሪያ የገባሁበት ሱቅ ሻጩ ወጣት ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ኦሮምኛ፣ ስዋሂሊ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ ይናገራል፤ በአራቱም አይዋሽም፣ ያጋንናል እንጂ። ከሶላር ፓነልና ከጀሪካን መሐል አንድ ጥቁር፣ ግዙፍ፣ አፈ ሙዙ የረዘመ ካሜራ አወጣልኝ። «16 ኤክስ! ፎር ኬ! ኦሪጅናል!» አለ። አብርቼ ዙሙን ስጫነው ያ ረጅም አፈ ሙዝ ንቅንቅ አላለም። የተነቃነቀው ስክሪኑ ላይ ያለው ሥዕል ብቻ ነው፤ አደገ፣ አደገ፣ በመጨረሻ በተቃራኒው ሱቅ የተሰቀለው ማስታወቂያ የዶሚኖ ጨዋታ መሰለ።

ነገሩ ይህ ነው። እውነተኛው፣ ኦፕቲካል የሚባለው ዙም፣ በሌንሱ ውስጥ ያሉት መስታወቶች ወደፊትና ወደኋላ እየተጓዙ ብርሃኑን ራሱን የሚያቀርቡበት ነው። ዲጂታል የሚባለው ግን ካሜራው ካየው ነገር መሐሉን ቆርጦ ይለጥጠዋል፤ አዲስ ያየው ነገር የለም። እንግዳ ሲበዛ ወጡ ላይ ውሃ እንደ መጨመር ነው፤ ድስቱ ይሞላል፣ ሥጋው ያው ነው። ካርቶኑ ላይ ሁለቱም ቁጥሮች ይጻፋሉ፤ የዲጂታሉ በትልቁ፣ የኦፕቲካሉ ካለ በትንሹ። የወጣቱ ካርቶን ላይ የትንሹ ቦታ ባዶ ነበር። ይህን ሳሳየው አልተቀየመም። «ወንድሜ፣ አንተ የምትፈልገው የፈረንጅ ዕቃ ነው» ብሎ በእጁ ወደ ላይኛው ሰፈር ጠቆመኝ።

ወደ ላይኛው ሰፈር ሳንወጣ ስለዚህ «ኤክስ» አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው በሱ ነውና። ኤክስ የርቀት ልክ አይደለም፤ የሌንሱን ረጅሙን ቁጥር ለአጭሩ ማካፈል ብቻ ነው። ከ24 እስከ 240 ሚሊ ሜትር የሚሄድ ሌንስ 10 ኤክስ ነው። ከ35 እስከ 350 የሚሄደውም 10 ኤክስ ነው። ሁለተኛው ግን በግማሽ ያህል አርቆ ያያል፤ የመጀመሪያው በበኩሉ በጠባብ ሳሎን ውስጥ ቤተሰቡን በሙሉ ሳይቆርጥ ያነሳል። ስለዚህ ሻጭ «ስንት ኤክስ» ሲል «ከስንት እስከ ስንት» ብሎ መመለስ ነው። እዚህ ከተማ ይህን የጠየቀ ሰው ወይ መሐንዲስ ወይ ሰላይ ይመስላል።

ላይኛው ሰፈር ያሉት ባለሱቅ ሸምገል ያሉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ከመስታወቱ ሥር ሁለት ያገለገሉ ካሜራዎች አስቀምጠዋል፤ ከናይሮቢ የመጡ ናቸው። አንዱ ካነን ኤስኤክስ740 ነው፤ ኪስ ይገባል፣ ከ24 እስከ 960 ይሄዳል፣ 40 ኤክስ። ሌላው ኒኮን ኩልፒክስ ፒ900 ነው፤ ከ24 እስከ 2000፣ 83 ኤክስ፣ ክብደቱ አንድ ኪሎ ሊሞላ መቶ ግራም የቀረው። እ.ኤ.አ. በ2015 ሲወጣ 600 ዶላር ገደማ ነበር። ታናሽ ወንድሙ ፒ1000 በ2018 መጥቶ 125 ኤክስ ደርሷል፣ ግን ከ1,400 ግራም በላይ ይመዝናል። እሱን አንገት ላይ አንጠልጥሎ ሠርግ የሚውል ሰው ሙሽራውን ለማየት ሳይሆን ወጌሻ ለመፈለግ ነው የሚያጎነብሰው።

ባለሱቁ ሲሸጡ አይጮሁም፤ ታሪክ ይነግራሉ። ናይሮቢ ስለተወለደው ስለ ሙሐመድ አሚን አነሱልኝ፦ እ.ኤ.አ. በ1984 የኮረምን ረሀብ ቀርጾ ለዓለም ያሳየ፣ በ1991 አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ግራ እጁን ያጣ፣ በሰው ሠራሽ እጅ ሥራውን የቀጠለ፣ በ1996 በተጠለፈው የኢትዮጵያ አውሮፕላን ኮሞሮስ አጠገብ የሞተ። ሰምቼ ዝም አልኩ። እሱ አደጋ ውስጥ የሚገባው ቀርቦ ለማየት ነበር፤ እኔ የምከፍለው ላለመቅረብ ነው። ይህን ሳስብ ዋጋው ትንሽ የቀነሰ መስሎኝ ነበር። አልቀነሰም።

«ይሞክሩት» አሉኝ። ሱቃቸው ፎቅ ላይ ነው፤ በረንዳው ወደ ኢትዮጵያው ወገን ያያል። ጧት ስለነበር አየሩ ገና አልፈላም። ይህ ትልቅ ነገር ነው፦ እኩለ ቀን ላይ ከአስፋልቱና ከቆርቆሮው የሚነሳው ሙቀት ሩቁን ነገር ሁሉ ያንቀጠቅጠዋል፣ ያኔ የሺህ ዶላሩም ካሜራ የሚያነሳው ሙቀቱን ነው። ሌላም አለ። ሌንሱ ሲረዝም ቀዳዳው ይጠባል፤ ፒ900 ጫፉ ላይ ሲደርስ የሚገባለት ብርሃን ከመነሻው ከአምስት እጥፍ በላይ ያንሳል። ብርሃኑን የሚቀበለው ሴንሰርም ከትንሽ ጣት ጥፍር ያነሰ ነው። ስለዚህ ለሠርግ አዳራሽ ማታ አይሆንም፤ ለጧት ፀሐይ ነው የተፈጠረው። እጅ ከተንቀጠቀጠም ሥዕሉ አብሮ ይሄዳል። ክርኔን በረንዳው ብረት ላይ አስደገፍኩ። የድንበሩን ጣቢያ ሆን ብዬ ዘለልኩት፤ ኬላ ላይ ረጅም ሌንስ የደገነ ሰው «ወፍ ወዳድ ነኝ» ቢል ማን ያምነዋል?

ዙሙን ተጫንኩት። ሌንሱ እንደ ኤሊ አንገት ወጣ። ግማሽ ኪሎ ሜትር ማዶ ያለ የቆርቆሮ አጥር መጣ፣ ከዚያ የቡና ቤት በረንዳ፣ ከዚያ ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር። ወንበሩ ላይ ጋሼ ተቀምጠዋል።

ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት ባለቤቴ ደውላላቸው ሐዋሳ ነኝ ብለዋት ነበር። ከሐዋሳ እስከዚህ በአንድ ሌሊት የሚነዳ አለ፤ እንደሳቸው ግን ተላጭቶ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ አንድ እግሩን በሌላው ላይ ጥሎ አይደለም። ቡናቸውን ፉት አሉ። ስኳር ጨመሩ። እኔ የማውቀው ስኳር እንዳቆሙ ነው።

እዚህ ከተማ ሁላችንም ሁለት ሲም ካርድ እንይዛለን፤ በኢትዮጵያው ቁጥሬ ደወልኩ። በ83 እጥፍ ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ሲያዩት አየሁ። አዩት። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። መልሰው አነሱት።

«ሄሎ፣ እንደምን አደሩ ጋሼ?»

«አቤት አቤት፣ እንዴት ነህ የኔ ወንድም! መንገድ ላይ ነኝ።» ይህን ሲሉ ከወንበራቸው ተነስተው አስፋልቱ ዳር ሄደው ቆሙ፤ የመኪና ድምፅ እንዲሰማ። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አይቼ አላውቅም። አንድ ባጃጅ ሲያልፍ ስልኩን ወደሱ አዞሩት።

«የት ደረሱ?»

«ዲላን እያለፍኩ ነው። ኔትዎርኩ... አይሰማህም... ኧረ ይቆራረጣል!» ዘጉት። ተመልሰው ተቀመጡ፣ አስተናጋጇንም ሁለተኛ እንድታመጣላቸው በጣታቸው አመለከቱ። ጣታቸው ላይ ያለችውን ቀለበት እንኳን አየኋት። ጥራቱ ግሩም ነው።

ባለሱቁ አጠገቤ ቆመው ስክሪኑን ሲያዩ ኖሯል። «ዘመድ ናቸው?» አሉኝ።

«የሚስቴ ወንድም።»

«ዕዳ አለባቸው?»

ይህን በምን እንዳወቁ አልጠየቅኋቸውም። ዋጋው ላይ ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አንድ ሽልንግ አልቀንስም አሉ፤ ካሜራው ራሱን ሸጧል። በብር ልክፈል ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብር ከተቀበሉ ቁርስ አይወርድላቸውም። በኤምፔሳ ላክሁላቸው።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ቻርጀሩን አየችና «ይሄ ሦስት እግር ያለው ያቤሎ ምን ላይ ይሰካል?» አለች። ልክ ናት። የኬንያ ሶኬት ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ፣ የኢትዮጵያው ባለ ሁለት ክብ ነው፤ መኪናው በዚህ በግራ፣ በዚያ በቀኝ እንደሚነዳው መሆኑ ነው። አንድ መቀየሪያ ተገዛ። ሰዓቱን ስሞላ ደግሞ ሌላ ጉድ፦ እዚህ ከተማ ስዋሂሊ የሚናገረውም አማርኛ የሚናገረውም ከምሳ በኋላ «ሰባት ሰዓት» ሲል ይስማማል፤ 13:00 የሚለው ካሜራው ብቻ ነው። ቀኑንም በፈረንጅ ካልሆነ አልቀበልም አለኝ። እንደ ፈቃዱ ተውኩት።

ያቤሎ የሄድኩ ጊዜ ቁራው አላስቸገረኝም፤ ችግሩም ይኸው ሆነ። ከከብቶቹ ሥር ትል እየለቀመ መጥቶ እግሬ አጠገብ ቆመ። ፒ900 ደግሞ ዙሙ ጫፍ ሲደርስ ከ5 ሜትር ወዲህ ያለውን ነገር አጥርቶ አያይም። እኔ ወደኋላ ሄድኩ፤ ቁራው ተከተለኝ። አንድ የቦረና ልጅ ይህን አይቶ ከብቶቹን ረስቶ ሳቀ። መጨረሻ ላይ ያለ ዙም አነሳሁት፣ ያውም በጣም የሚያምር ፎቶ ነው፤ ስልኬም ያነሳው ነበር ብሎ የሚያስብ አንባቢ ይኖራል፣ እኔ ግን አላልኩም። እዚያው የምትገኘውን ባለ ነጭ ጅራት ወፍ ደግሞ ካሜራው ፈልጎ እስኪያገኛት እሷ መጋ ደርሳለች። ሐጂም ለኢድ መጡ፤ ካሜራው ጨረቃዋን ሲፈልግ እሳቸው ቀድመው በዓይናቸው አገኟትና የት እንዳለች ለካሜራው አሳዩት።

ጋሼ ባለፈው እሑድ ቤታችን ምሳ መጡ። ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ አይተው አነሱት፣ መዘኑት፣ አገላበጡት።

«ስንት ገዛኸው?»

ነገርኳቸው። ቀና ብለው በኀዘኔታ አዩኝ።

«ይሄን ያህል ገንዘብ እጅህ ላይ እያለ ነው በየሳምንቱ ደውለህ የምታስጨንቀኝ?»

ባለቤቴ ወጥ ልትጨምር ተነሳች። እኔ ምን እላለሁ? ቀለበታቸውን አየሁት፤ ቅርብ ሲሆን ያን ያህል አያምርም። ጋሼ ሌንሱን ወደ መስኮቱ አዙረው ካዩበት በኋላ ድምፃቸው ለሰለሰ።

«ግን ጥሩ ነው። ልጄን ጥር ሳይወጣ ልድራት ነው፣ አንተ ታነሳልናለህ።»

«ደስ ይለኛል፣ ጋሼ። የፎቶው ዋጋ...»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» አሉ፣ እጃቸውን በቸርነት እያወዛወዙ። «ከዚያኛው ጋር ደምረው።»