ጠበቃ ይወጣታል

አገራችን የጠበቃ እጥረት ኖሮባት አያውቅም። የ6 ዓመት ልጅ ብርጭቆ ሰብራ ሲቆጧት «ትናንት ወንድሜ ሲሰብር ለምን ዝም አላችሁት?» ካለች፣ ወላጆቿ ብርጭቆውን ረስተው «ይቺማ ጠበቃ ይወጣታል!» ይላሉ። ሐኪም ይሆናል የተባለ ልጅ ቢያንስ የሒሳብ ውጤቱ ይታያል። ለጠበቃ ግን መመዘኛው ምላስ ብቻ ነው። በላ ልበልሃ ሲባባሉ ከኖሩ ሰዎች ስለተወለድን አይፈረድብንም ይሆናል።

ልጅቷ የምሯን ሕግ ትምህርት ቤት ስትገባ ግን ያን ምላስ የሚፈልገው የለም። 5 ዓመት ቁጭ ብሎ ማንበብ ነው፤ የውል ሕግ፣ የውርስ ሕግ፣ የወንጀል ሕግ፣ የማስረጃ ሕግ፣ ሁለቱ የሥነ ሥርዓት ሕጎች፣ እንቅልፍ የሚያመጣው የግብር ሕግ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ብቻ 3,367 አንቀጽ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን ይህን ሕግ በፈረንሳይኛ ያረቀቁት ረኔ ዳቪድ የተባሉ ፈረንሳዊ ምሁር ናቸው። እንግዲህ የእኛ ተማሪ ፈረንሳዊ ያረቀቀውን ሕግ በእንግሊዝኛ ተምራ፣ ልደታ ፍርድ ቤት ቆማ በአማርኛ ትከራከራለች ማለት ነው። በምስለ ችሎት ውድድር ሱፏን ግጥም አድርጋ እንግሊዝኛውን ስታንቆረቁረው አዳራሹ ያጨበጭባል። እውነተኛው ዳኛ ፊት የቀረበች ቀን ግን የምትሰማው «አጠር አድርጊው፣ ገና ብዙ መዝገብ አለብን» የሚለውን ነው።

ፈተናውም አያልቅም። የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ለሁሉም ሲመጣ የሌላው ትምህርት ክፍል ተማሪ ጉድ ፈላ አለ፤ የሕግ ተማሪ ከዚያ በፊት ለዓመታት ሲፈተነው ስለኖረ ምንም አልመሰለውም። ዲግሪው ተይዞም ጠበቃ ነኝ ማለት አይቻልም። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ለሰው ለመቆም በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 መሠረት ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ለፈቃዱ ደግሞ የሥራ ልምድም ፈተናም ይጠየቃል።

ሰፈሩ ግን ይህን ሁሉ አይጠብቅም። ልጅቷ ሁለተኛ ዓመት ላይ ለዕረፍት መጣች በተባለ ማግስት አንዲት ጎረቤት ወረቀት የታጨቀበት ፌስታል ይዘው ከች ይላሉ።

«ልጄ፣ ቤት ገዝቼ ሻጩ ካደኝ።»

«እትዬ፣ ውሉ በጽሑፍ ነው?»

«የምን ጽሑፍ? ቡና ጠጥተን፣ ተመራርቀን ነው የተለያየነው።»

ልጅቷ የተማረችው አንቀጽ 1723 ትዝ ይላታል፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት መደረግ አለበት።

«ዳኛ ፊት ወይም ውል አዋዋይ ፊት አልቀረባችሁም?»

«እንዴ! ዳኛውማ አብረውን ነበሩ።»

«የትኛው ፍርድ ቤት ዳኛ?»

«የዕቁባችን ዳኛ ናቸዋ!»

ልጅቷ ጉዳዩ አስቸጋሪ መሆኑን በትሕትና ታስረዳለች። እትዬ ፌስታላቸውን አንጠልጥለው ሲወጡ «አይ የዛሬ ትምህርት! ይህን ሁሉ ዓመት ምን ሲያስተምሯት ኖሩ?» ይላሉ። ከዚያ በቀጥታ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ወደተቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ነው። እሱ አንቀጽ አይቆጥርም፤ ፌስታሉንም አይከፍትም። «መብትዎ ነው፣ አፍንጫውን ተይዞ ያስረክባል» ይላቸዋል። እትዬ በደስታ ይከፍላሉ።

እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። ሕግ በተማሩት መጠን መልስ እያጠረ ይሄዳል። የአንደኛ ዓመት ተማሪ የታክሲ ሙግት ሁሉ ይፈርዳል፤ ተመራቂዋ «እንደ ሁኔታው ነው» ትላለች፤ 20 ዓመት የቆመው ጠበቃ «መዝገቡን ሳላይ ምንም አልልም» ብሎ ያርፋል። እኛ ደግሞ ይህን ድንቁርና ነው የምንለው። ፀጉር ቤት የተቀመጠው ሁሉ «ይግባኝ በል! ሰበር ድረስ ውሰደው!» ብሎ በነፃ እያማከረን፣ መዝገብ ልይ የሚል ሰው ምን ያደርግልናል? ሰበር ሰሚ ችሎት የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተት መሆኑን፣ የተናደደ ሰው ሁሉ ንዴቱን የሚያወርድበት ቦታ አለመሆኑን ለፀጉር ቤቱ የነገረው የለም።

የምክር ክፍያ ሲጠየቅማ ኩርፊያው ሌላ ነው። «ለተናገረው ሁለት ቃል?» ይባላል። ለሐኪም ግን ካርድ አውጥተን፣ ሁለት ቃል ሳይናገር በማናነበው ጽሑፍ ወረቀት ጽፎ ቢሰጠን አመስግነን እንወጣለን።

ፍርድ ቤት የሚያደርስ ጉዳይ የገጠማችሁ፣ ውክልና ከመስጠታችሁ በፊት የሰውየውን የጥብቅና ፈቃድ ጠይቁ። ካኮረፈ ሌላ ፈልጉ። «መዝገቡን ልየው» ካለ ግን ቁጭ በሉና ፌስታሉን ክፈቱለት።