ድመት ክልክል ነው

የምንኖርበት ግቢ ሕግ ያለበት ግቢ ነው። አከራያችን እትዬ ሕጉን በካርቶን አስጽፈው ከቆጣሪው በላይ ሰቅለውታል። የውጭ በር 3 ሰዓት ይዘጋል። ካውያ ቅዳሜ ብቻ። እንግዳ አያድርም። እነዚህ በሰማያዊ እስክሪብቶ ናቸው፤ «ድመት ክልክል ነው» የምትለዋ ብቻ በቀይ።

ውሻ አልተከለከለም፤ ውሻው የእሳቸው ነዋ። የሮቶው ቧንቧ በሌሊት ተፈትቶ ሲሄድ ጭጭ ብሎ አደረ። የእህቴ ልጅ ምሳ ይዛልኝ በጠራራ ፀሐይ ስትመጣ ግን ጎረቤት እስኪወጣ ጮኸባት። አልፈርድበትም፤ የሚያጎርሰውን እጅ ለይቶ ያውቃል። ማን ከማን ጋር እንደገባ፣ ስንት ሰዓት እንደወጣ፣ በፌስታል ምን እንደያዘ በማሽተት ብቻ ያጣራል። እትዬም በማግስቱ ሲነግሩን አንዲት አያስቀሩም።

አይጦቹም አልተከለከሉም። ውል የላቸው፣ ቀብድ አልከፈሉ፣ መታወቂያ የጠየቃቸው የለ። መኖሪያቸው እትዬ ጓዳ፣ መመገቢያቸው እኛ ቤት ነው። ሲመሽ በግድግዳው ሥር ሾልከው ይመጣሉ፣ ሲነጋ ጠግበው ይመለሳሉ። ድሮ ቀጫጭኖች ነበሩ፤ ዛሬ አንዳንዱ ከቀዳዳው ለመግባት ትንፋሹን መሰብሰብ አለበት። ቀዳዳውን እንድፈን ብለን ስናመለክት፣ ግድግዳ መንካት በሕጉ ክልክል መሆኑን በትሕትና አስታወሱን።

ታዲያ ድመት የፈለግነው ለጨዋታ አልነበረም። ድመት ሌሊት ታያለች፤ ጥፋቷ ይኸው ነው። እትዬ ግን ሌላ ምክንያት አላቸው፦ ድመት ታንኳኳለች፣ የሰው ሰላም ትነሳለች፣ በዚያ ላይ መንኩሳም አመሏን አትረሳም። እውነት አላቸው። ጸጥታ በሰፈነበት ግቢ ውስጥ ከአይጥ ኩርሽምታ በቀር ድምፅ መሰማት የለበትም።

የተከራዮች ስብሰባም አለን፤ እትዬ ይመሩታል፣ የእትዬ የወንድም ልጅ ቃለ ጉባኤ ይይዛል። ጤፋችንን ማን ጨረሰው የሚል ጥያቄ ተነስቶ፣ አንዱ ከኋላ «አይጥ ይጠየቅ!» ብሎ ጮኸ። ጸሐፊው ጆሮው ትንሽ ያስቸግረዋል መሰለኝ፣ «አይጠየቅ» ብሎ አሰፈረው። ጸደቀ፤ አጨበጨብን።

እኔ ፊደል የቆጠርኩ ነኝና ሕግ አገላበጥኩ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016፣ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር አይብለጥ ይላል። መልካም አዋጅ ነው። የእኔም ውል በወረቀት ላይ መልካም ነው፤ በወረቀቱ ላይ ያለውን በባንክ፣ በወረቀቱ ላይ የሌለውን በፖስታ እከፍላለሁ። ስለ ድመት ግን የሚል ነገር አላገኘሁበትም። ወደ ሕገ መንግሥቱ ወጣሁ። አንቀጽ 26 የሰው የግል ሕይወትና መኖሪያ ቤት እንዲከበር ያዛል። ለእትዬ ባነብላቸው መነጽራቸውን አውልቀው «እሱ ደግሞ ኪራይ ይከፍላል?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ፍለጋው ጠበቀ። ድመት ደብቃችኋል ተብሎ የማይከፈት ነገር የለም። ድስት ይከፈታል፤ ድመት ወጥ ትወዳለች። ፍራሽ ይገለበጣል፤ ድመት ሙቀት ትወዳለች። ደብዳቤ ለምን እንደሚነበብ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ለካ የድመት ጉዳይ በጽሑፍም ሊጠቀስ ይችላል። ስልኬን ሲጠይቁኝማ ራሴ ከፍቼ ሰጠሁ፤ የሌለኝን ድመት ፎቶ እንዳያገኙብኝ ብዬ። ከሁሉ የከፋው የማደሪያው ጉዳይ ነው፤ አጎቴ ከገጠር ለሕክምና መጥቶ መኝታ ሲከለከል፣ አፍ አውጥቼ መናገር ቢያቅተኝ በበሩ ጀርባ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

እንግዳ አታሳድር፣ ይላል ወይ አፍዎ፤
አድሬ እያዩኝ፣ እኔው ከደጅዎ።

እትዬ አንብበው ወደዱት። «ትሑት ልጅ ነህ» ብለውኝ፣ በዚያ ሳምንት ካውያ ረቡዕም ተፈቀደልኝ።

እሳቸውም ቢሆኑ ከበላያቸው አከራይ እንዳለባቸው ያወቅነው ሜትር የያዙ ሰዎች የመጡ ዕለት ነው። ከ1967ቱ አዋጅ ወዲህ የከተማ ቦታ የመንግሥት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ እትዬ ግን እጃቸው ላይ ካለው የይዞታ ወረቀት ብዛት የተነሳ ዘንግተውት ነበር። ሰዎቹ ሳያንኳኩ ገቡ። ሳሎኑን ለኩ፣ መኝታ ቤቱን ለኩ፣ ቁም ሳጥኑን ከፍተው ከኋላው ያለውን ግድግዳ ለኩ። ውሻው ተነስቶ አንደኛውን አሸተተና ጭራውን ቆላ። አይጦቹ የት እንደገቡ እንጃ፤ በሪፖርቱ ውስጥ የሉም።

ሰዎቹ ሲወጡ እትዬ ነጠላቸው ከትከሻቸው ተንሸራቶ በረንዳው ላይ ቆመው ቀሩ። ተከራዩን ሁሉ ጠሩ። «ሰው ቤት እንዲህ ዘው ይባላል? የሰው ጓዳ? የሰው ቁም ሳጥን? እስቲ ልጆቼ፣ ይገባል?»

«አይገባም!» አልን ሁላችንም በአንድ ድምፅ።

እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፣ ከዚያው ጫፍ ላይ የተቋጠረውን የክፍሌን ቁልፍ ፈቱና ድመት እንዳለ ሊያዩ ገቡ።