በሮው ነው አይደል?

ሰርግ የደገሰ ሰው ከፎቶ አንሺ ጋር ሲዋዋል ድሮ የሚከራከረው በአልበሙ ገጽና በመልሱ ነበር፤ "መልሱም ላይ ትመጣላችሁ አይደል? እሱ እኮ ከዋጋው ውስጥ ነው!" አሁን ሙሽራው ሌላ ጥያቄ ተምሯል። ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ፣ ድምፁን ወፈር አድርጎ፣ "በሮው ነው አይደል የምታነሱት?" ይላል። ሚዜዎቹ ምን እንደተባለ ባይገባቸውም በአንድነት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ፎቶ አንሺው "እንዴታ፣ ወንድሜ!" ይልና ዋጋው ላይ ትንሽ ጣል ያደርጋል።

እውነቱን ለመናገር ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ጄፔግ የምንለው ካሜራው ራሱ ቀለሙን ወስኖ፣ ብርሃኑን አስተካክሎ፣ "ይኼን ዓይን አይለየውም" ያለውን ጥሎ፣ ጠቅልሎ የሚያስረክበን ነው። ሮው ግን ሴንሰሩ የለቀመውን ሁሉ ይዞ ይቀመጣል። በቁጥር ካልተነገረኝ አላምንም ለሚል፦ ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ሲኖረው፣ ባለ 14 ቢት ሮው 16,384 አለው። ቬሎው በቀትር ፀሐይ ነጭ ወረቀት ሲመስል፣ ጥቁሩ ሱፍ ከጨለማው ጋር ሲዋሃድ፣ የአዳራሹ አምፖል እንግዳውን በሙሉ የወፍ በሽታ የያዘው ሲያስመስል፣ ከሮው ብዙ ነገር ማዳን ይቻላል። የሚያድነው ግን ተቀምጦ የሚሠራበት ፎቶ አንሺው ነው። ሙሽራው ይህቺን አልሰማትም።

ስለዚህ ከጫጉላው እንደተመለሰ "ሮውን ስጠኝ፣ የከፈልኩበት ነው!" ብሎ ሃርድ ዲስኩን ታቅፎ ቤቱ ይገባል። አንዱ ፎቶ 25 ሜጋባይት ቢይዝ፣ 3,000 ፎቶ የተነሳበት ሰርግ 75 ጊጋባይት ነው፤ ኮፒ ተደርጎ እስኪያልቅ አቦል አልፎ በረካ ይደርሳል። ስልኩ አልከፍትም ይላል። ላፕቶፑም እንዲህ ያለ ፋይል አላውቅም ብሎ ፊቱን ያዞራል። በመጨረሻ የጎረቤት ልጅ ተጠርቶ፣ የሆነ ፕሮግራም ጭኖ ሲከፍተው፣ ሙሽሪት ደብዝዛ፣ ገርጥታ ብቅ ትላለች። እናቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይይዛሉ፦ "ልጄን አመድ አስመስሏት ነው እንዴ ይኼን ሁሉ ብር የወሰደው?" ዶሮ ወጥ ያዘዘ ሰው ዶሮዋን ከነነፍሷ ሲያስረክቡት እንዲሁ ነው የሚደነግጠው።

የጄፔግ ወገኖችም አሉ። እነዚህ ደግሞ ሲያዩአቸው ትሁት ይመስላሉ፤ አይደሉም። ሮይተርስ እ.ኤ.አ. በ2015 ለፍሪላንስ ፎቶ አንሺዎቹ ከሮው ተሠርቶ የመጣ ፎቶ አትላኩልን፣ ካሜራው ራሱ ያወጣውን ጄፔግ ላኩልን ብሎ ነበር፤ አንድም ለፍጥነት፣ አንድም የዜና ፎቶ ብዙ እንዳይነካካ። ይህ ወሬ እንዴት እኛ ሰፈር ያለው የክርስትና ፎቶ አንሺ ጆሮ እንደገባ እንጃ። ሮው ሲጠየቅ ቀና ብሎ "እኔ የምሠራው በዜና ሥነ ምግባር ነው" ይላል። ሕፃኑ ሲጠመቅ ያለቀሰበትን ፎቶ ዓለም በጉጉት የሚጠብቅ ይመስል! አንድ ቀን ሚሞሪ ካርዱን ሲያወጣ አየሁት። ባለ 8 ጊጋ ነው።

የስልኩ ጉድ ደግሞ ለብቻው ነው። ከአሜሪካ የመጣች የአክስቴ ልጅ አይፎኗን በባለ 48 ሜጋፒክስሉ ፕሮሮው አስተካክላ የሽሮ ድስት አነሳች። እንዲህ ያለው ፎቶ አንዱ ብቻ 75 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ድስቷ በዕድሜዋ እንዲህ ተከብራ አታውቅም። ከዚያ በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላከችልን። ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከለትን ነገር ጨምቆ አሳንሶ ነው የሚያደርሰው፤ ይኼን የማያውቅ ዘመድ ደግሞ የለም። ግሩፑ በአንድ ድምፅ ተነሳ፦ "በፋይል ላኪልን!" አጎታችን እንኳ፣ ስልካቸውን ለመክፈት የልጅ ልጅ የሚጠሩት፣ "በፋይል ይሁን እንጂ ልጄ" አሉ። በፋይል ላከች። የሁላችንም ዳታ አለቀ። "ዋው!" ብለን የጻፍነው ግን ያችኑ የመጀመሪያዋን ትንሿን አይተን ነው።

እኔማ ከሁሉም ብልህ ነኝ። ካሜራዬ ላይ ሮውንም ጄፔጉንም አንድ ላይ የሚያስቀምጥ ምርጫ ስላለ እሱን ይዣለሁ፤ አንዴ ጠቅ ባደረግሁ ቁጥር መንታ ይወለዳል። ሮውን "ስመቻች ኤዲት አደርገዋለሁ" ብዬ አኖረዋለሁ። ጄፔጉን ደግሞ ሮው እያለልኝ ምን ይሠራልኛል ብዬ አልነካውም። ሰው ፎቶ ሲጠይቀኝ ስክሪንሾት አንስቼ እልካለሁ። ዱባይ ያለችው እህቴ ባለፈው "ምነው እንዲህ ደበዘዘ? በፋይል ላኪልኝ እንጂ!" ብላ ተቆጣችኝ።

እውነቷን ነው። ስክሪንሾቱን በፋይል ላክሁላት።