ለክቡር የስልኬ አፕዴት፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሳይጠሩ ስለሚመጡበት ምክንያት ማብራሪያ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ ብዬ አልጠይቅዎትም፤ ተለያይተን መች እናውቅና? ትናንት ማታ ነበሩ፣ ዛሬ ጠዋትም ዓይኔን ሳልገልጥ ስክሪኔ ላይ ተሰይመው አገኘሁዎት። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ሰዓት ልይ ብዬ ስልኬን ሳበራ እርስዎ ነዎት። የእድር መዋጮ በካልኩሌተር ስደምር፣ ልክ «እኩል ይሆናል» የሚለውን ልነካ ስል፣ እርስዎ ነዎት። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚለውን የተረተ ሰው ስማርትፎን ሳያይ ማለፉ ይገርመኛል።

ማመልከቻዬን ከአጠያየቅዎ ልጀምር። ሁለት ቁልፍ ዘርግተው ይጠብቁኛል፤ አንዱ «አሁን ጫን» ይላል፣ ሌላው «በኋላ አስታውሰኝ»። ደግነትዎ በተነሣ ቀን «ዛሬ ማታ ጫን» የሚል ሦስተኛ ይመርቁልኛል። «አልፈልግም» የሚለውን ግን ፈልጌ አጣሁት። «በኋላ» ሲሉ አልሸሹም ዞር አሉ ነው፤ ተመልሰው ይመጣሉ። በተመለሱ ቁጥርም ትሕትናዎ ይቀንሳል። መጀመሪያ ከላይ በትንሽ ምልክት ነበር የሚያንኳኩት፤ ቆይተው ቀይ ቁጥር ለጠፉ፤ አሁን ስክሪኑን ሙሉ ይዘው፣ የ«አሁን»ን ቁልፍ በደማቅ ሰማያዊ ቀብተው፣ የ«በኋላ»ን ደግሞ መነጽር ያለው ሰው ብቻ እንዲያነበው በግራጫ ደብቀው ይቀርባሉ። ሃሪ ብሪግነል የሚባል እንግሊዛዊ የዲዛይን ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2010 ለዚህ ዓይነቱ ብልጠት «ዳርክ ፓተርን» የሚል ስም አውጥቶለታል። ስም እንደወጣልዎት ካልሰሙ እንኳን አደረሰዎ።

ነገሩ በዘርም ይመጣል መሰለኝ። የኮምፒውተሩ ታላቅ ወንድምዎ ዊንዶውስ 10፣ እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ ተንኮል ሠርቶ ነበር፤ ሰዎች «ጫኑኝ» የሚለውን መስኮት ለመዝጋት የኤክስ ምልክቷን ሲነኩ፣ የተቀጠረው ጭነት እንደተስማሙበት ተቆጥሮ ይቀጥል ነበር። በዚያው ዓመት ካሊፎርኒያ ውስጥ አንዲት የጉዞ ወኪል፣ ሳልፈቅድ የተጫነብኝ አፕዴት የሥራ ኮምፒውተሬን አበላሸብኝ ብላ ማይክሮሶፍትን ከስሳ 10,000 ዶላር ተቀብላለች። እኔ ለክስ አቅሙ የለኝም፤ ደብዳቤ ብቻ ነው የምጽፈው።

ቀጥሎ ስለ ይዘትዎ። ምን ይዘው እንደመጡ ልይ ብዬ «ዝርዝር» የሚለውን ስከፍት የማገኘው ይህን ነው፦ «ልዩ ልዩ ስህተቶች ታርመዋል፤ አጠቃላይ አፈጻጸም ተሻሽሏል።» የትኛው ስህተት? የማን ስህተት? እስከዛሬ ስህተት ይዤ ስዞር ነበር ማለት ነው? መቼስ የሩብ ዓመት ሪፖርት የሚያዘጋጁ ሰዎችን አውቃለሁ፤ እነሱ እንኳን በመቶኛ ይጨምሩበታል። እርስዎ 1.8 ጊጋ ተሸክመው መጥተው ማስረጃዎ ሁለት መስመር ነው። 1.8 ጊጋ ማለት ደግሞ ዋይፋይ ለሌለው ቤት ምን ማለት እንደሆነ የላኩዎት ሰዎች አይገባቸውም፤ ፓኬጅ እየቆረጠ የሚኖር ሰው ሜጋውን የሚቆጥረው እንደ እንጀራ ነው።

ክቡርነትዎ በዚያ ላይ ቅድመ ሁኔታ ያበዛሉ። ባትሪ 50 በመቶ ይሁን፣ አለዚያ ቻርጀር ላይ ይሰካ። ዋይፋይ ይኑር። ቦታ ይለቀቅ። ይህ የመጨረሻው በተለይ ጨካኝ ነው። «በቂ ቦታ የለም» ብለው የልጄን የምርቃት ቪዲዮ ከፊቴ ያቀርቡና «ይሰረዝ?» ይሉኛል። ከሰርግ ፎቶና ከእርስዎ እንድመርጥ ያደርጉኛል። መርጬ፣ ሰርዤ፣ ጭኜ ስጨርስም እርስዎ የተለቀቀልዎትን ቦታ ይዘው ቁጭ ይላሉ፤ ስልኬም ከበፊቱ ይብስ ይንቀራፈፋል። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ!

ሰዓትን በተመለከተ ደግሞ ደሴ ያለችው አክስቴ አቤቱታ አላት። ስልኳ በአማርኛ ነው የሚናገረው። አንድ ቀን ደወለችልኝ።

«ልጄ፣ ይኼ ስልክ ከ2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት እሠራለሁ፣ ቻርጀር ላይ ሰክተሽ ተይኝ እያለ ነው። ልተወው?»

«ተዪው አክስቴ፣ ምንም አይልም» አልኳት። እኔ ከሌሊቱ ስንት ሰዓት እንደሆነ አውርቼ አልጨረስኩም፤ እርሷ ዘግታዋለች።

በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ፣ ልክ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲሆን ስልኩን ቻርጀር ላይ ሰክታ ቡፌው ላይ አስቀመጠችው። ዳንቴል አለበሰችው። የደወለው ሁሉ ደወለ፤ አላነሣችም። ጎረቤቷ መጥታ «እትዬ፣ ስልክሽ እየጮኸ ነው» ስትላት «ተይው፣ ሥራ ላይ ነው» አለቻት። 5 ሰዓት ሆነ። ዳንቴሉን ገለጠች። እርስዎ እዚያው፣ በዚያው ጥያቄ ላይ ተቀምጠዋል። ለካ እርስዎ የሚቆጥሩት በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ የእርስዎ 2 ሰዓት ለአክስቴ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። አማርኛ ተምረው መጥተው ሰዓታችንን ሳይማሩ መምጣትዎ ያሳዝናል። ሌሊቱን ደግሞ ጠብቃ ሰክታው ስታድር መብራት ሄደ። አሁን አክስቴ ስለ እርስዎ የምትለውን እዚህ መጻፍ የደብዳቤውን ክብር ይነካል።

ከዘመዶችዎ መካከል ደግሞ «በኋላ» የሚለውን እንኳን የማያውቁ አሉ። ባንኩን አልጠራውም፤ የሞባይል አፕሊኬሽኑ ግን እንዲህ አደረገኝ። ምሳ ቤት ገብቼ ሽሮዬን በልቼ፣ ሂሳብ ልከፍል አፕሊኬሽኑን ከፈትኩ። «አዲስ ስሪት ወጥቷል፤ ለመቀጠል አፕዴት ያድርጉ።» ከሥሩ አንድ ቁልፍ ብቻ። ፓኬጄ አልቋል። አስተናጋጇን የዋይፋይ ፓስወርድ ጠየቅኋት፤ «ዋይፋያችን ዛሬ አይሠራም ጋሼ፤ ግን በሞባይል ባንኪንግ መክፈል ይችላሉ» አለችኝ፣ በሙሉ ትሕትና። ፓኬጅ ለመግዛት ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ገንዘቡ አፕሊኬሽኑ ውስጥ ነው፤ አፕሊኬሽኑ ለመግባት ፓኬጅ ይጠይቃል። አጠገቤ ያለው ጠረጴዛ ላይ የነበረ ወጣት፣ እግዜር ይስጠው፣ ሆትስፖት ከፈተልኝ። ወረደ። ተጫነ። ከፈትኩት። አሁን ይከፍለኛል ብላ አስተናጋጇ ቆማለች፤ አፕሊኬሽኑ ግን «ወደ አዲሱ ገጽታችን እንኳን በደህና መጡ» ብሎ ሥዕል ያሳየኝ ጀመር። «ቀጥል።» «ቀጥል።» «ቀጥል።» «ጀምር።» የተለወጠው ምንድን ነው ቢሉ፣ ገንዘብ ማስተላለፊያው ከላይ ወርዶ ከታች ሆኗል።

ይህን ሁሉ ያልኩት እርስዎን ከመሠረቱ የምጠላ ሆኜ እንዳይመስልዎት። ጥቅምዎን አውቃለሁ፤ ንዴቴም የሚብሰው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ስቴጅፍራይት የሚባለው ክፍተት በአንድሮይድ ላይ ሲገኝ፣ በስልክ መልእክት በተላከ ቪዲዮ ብቻ ሰርጎ መግባት እንደሚቻል ታወቀ። ጉግል በየወሩ የደህንነት ጥገና ማውጣት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ዋናክራይ የተባለው የኮምፒውተር ቫይረስ ዓለምን ሲያምስ፣ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ እየሰረዙ ታካሚ ሲመልሱ፣ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ጥገና ካወጣ ሁለት ወር ገደማ አልፎት ነበር። ያልተጫነው ጥገና ነው ያን ሁሉ ያመጣው። ስለዚህ አንዳንዱ አፕዴት እውነትም ለነገ የማይባል ነው።

ታዲያ ለምን የደህንነቱን ጥገና ከጌጥዎ ጋር ቀላቅለው ያመጡልናል? ጣራው ያፈሳል ብዬ ያስገባሁት አናጢ፣ ጣራውን ደፍኖ ሲያበቃ አልጋዬን ሳሎን፣ ምድጃዬን መኝታ ቤት አድርጎ፣ በር ላይ ደግሞ የማላውቀውን ሰው ማስታወቂያ ለጥፎ ቢወጣ፣ በሚቀጥለው ክረምት ቢያፈስም አልጠራውም። ሰው «በኋላ»ን የለመደው ሰንፎ አይደለም። ጥገናውን ሲፈልግ አዳዲስ አዶዎች፣ ያላዘዘው ጨዋታ፣ የማይነቀል አፕሊኬሽን አብሮ ስለሚገባበት ነው። እርስዎ ራስዎ ነዎት ሕዝቡን መከላከያውን እምቢ እንዲል ያሠለጠኑት።

እምነታችንን ደግሞ የላኩዎት ሰዎች ቀድመው በልተውታል። አፕል እ.ኤ.አ. በጥር 2017 በለቀቀው አፕዴት ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖችን ፍጥነት ሲቀንስ፣ በቅጡ ያመነው በታኅሣሥ ላይ ተነቅቶበት ነው። ስልኩ ድንገት እንዳይጠፋ ብዬ ነው አለ፤ ምክንያቱ እውነትም ይሁን፣ ለባለቤቱ መንገር ምን ይጎዳ ነበር? አዲስ ባትሪ ያስገባ ሁሉ ፍጥነቱ ይመለስለት ነበር፤ ያልተነገረው ግን ስልክ ቤት ሄዶ አዲስ አይፎን ገዛ። የፈረንሳይ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2020 ኩባንያውን 25 ሚሊዮን ዩሮ ሲቀጣው፣ ጥፋትህ አለመናገርህ ነው ብሎ ነው። ኢጣሊያም እ.ኤ.አ. በ2018 አፕልን 10 ሚሊዮን፣ ሳምሰንግን 5 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥታለች፤ አሮጌ ስልኮችን በሚያንቀራፍፍ አፕዴት ጉዳይ። ከዚያ ወዲያ «አፈጻጸም ተሻሽሏል» ሲሉን በየትኛው ጆሯችን እንስማዎ?

ሐሰተኛ ወንድሞችዎ ይህን ግራ መጋባት ጠንቅቀው አውቀውታል። ኳስ በነፃ አያለሁ ብሎ አንድ ሊንክ የነካ ሰው «ስልክዎ ቫይረስ ገብቶበታል፣ አሁኑኑ አፕዴት ያድርጉ» የሚል ገጥሞት ያውቃል፤ ሰማያዊ ቁልፍ፣ ቀይ ምልክት፣ ጥድፊያ፣ ሁሉም ከእርስዎ የተቀዳ ነው። በቴሌግራም ደግሞ «የባንክዎን አፕሊኬሽን አፕዴት ያድርጉ» ተብሎ ኤፒኬ የሚባል የመጫኛ ፋይል ይላካል። ሰው ተታለለ ብለን የምንስቅ አለን። የማያብራራ ጥያቄ በችኮላ መቀበልን ከእርስዎ ተምሮ አይደለም እንዴ?

ከሁሉ የሚከፋው ግን ዝምታዎ ነው። ሰፈራችን ያለ ልጅ ከዱባይ የገባ ያገለገለ ስልክ ገዝቷል። ሴቲንግ ውስጥ ገብተን አየን። ከላይ አረንጓዴ ምልክት፣ «ሲስተምዎ ወቅታዊ ነው» የሚል። ዝቅ ብለን «የደህንነት ጥገና» የሚለውን ስናይ እ.ኤ.አ. 2020 ይላል። ወቅታዊ የተባለው እንግዲህ ከዚያ በኋላ ማንም አልመጣም ለማለት ነው! ለአዲስ ስልክ ቀን ተሌት የሚያንኳኩ እርስዎ፣ ያረጀውን ሲተዉ ደኅና ሁን እንኳን አይሉም። ዋትስአፕ ግን ይላል፤ ከጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድሮይድ 5 ያልደረሰ ስልክ ላይ አልሠራም ብሏል፤ ጥሬ ቢሆንም ቀጥተኛ ነው። ጉግል ከፒክስል 8፣ ሳምሰንግ ከጋላክሲ ኤስ24 ጀምሮ 7 ዓመት አፕዴት እንሰጣለን ብለዋል፤ ያ ግን ከወር ደመወዝ ብዙ እጥፍ ለሚያወጣው ስልክ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. አንስቶ ስልክ አምራቾች ሞዴሉ ከገበያ ከወጣ በኋላም ቢያንስ ለ5 ዓመት አፕዴት እንዲያቀርቡ አስገድዷል። እኛ ጋ በርካሽ የሚሸጠው ስልክ ግን የመጨረሻ ጥገናው መቼ እንደሚመጣ ሻጩም ገዢውም ሳያውቁት ከካርቶኑ ይወጣል።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የሚከተለው እንዲፈጸምልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። የደህንነቱ ጥገና ለብቻው ይምጣ፣ ጌጡም ለብቻው፤ ለጌጡ «አልፈልግም» የሚል ቁልፍ ይኑር፣ ቀለሙም እንደ ጓደኛው ይድመቅ። ስንት ሜጋ እንደሚበሉ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጁ፣ ካልወደድንዎት ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻል እንደሆነ ከመጫንዎ በፊት ይንገሩን። ሰዓትዎን በአገራችን አቆጣጠር ያስተካክሉ፤ አክስቴ ትጠብቃለች። የአፕዴት ማብቂያ ቀን ደግሞ ከካሜራው ሜጋፒክስል እኩል በትልቁ ካርቶኑ ላይ ይጻፍ።

ከሰላምታ ጋር፣
ባትሪው 23 በመቶ የቀረው ደንበኛዎ

ግልባጭ፦
ለፎቶ አልበሜ
ምሳ ቤት ሆትስፖት ለከፈተልኝ ወጣት
ለደሴዋ አክስቴ (በስልክ ሳይሆን በአካል የሚሰጥ)