የቡፌ አሻንጉሊት ለልጅ አስተዳደግ ያለው ፋይዳ

ሳሎን ውስጥ ካሉት ዕቃዎች መካከል ሊቃውንት አላግባብ ችላ ያሉት ቡፌን ነው። ብዙ ሰው የእንግዳ ብርጭቆ ማስቀመጫ ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን ከብርጭቆዎቹና ሾርባ ቀርቦበት ከማያውቀው የሾርባ ሳህን አጠገብ፣ ከነካርቶኗ የተቀመጠች አንዲት መኪና አለች፤ ከአሜሪካ የመጣ አጎት ወይም ዐረብ አገር የምትሠራ አክስት ያመጣቻት። የአራት ዓመቱ ልጅ ባለንብረት መሆኑን ማንም አይክድም፤ የተከለከለው መንካት ብቻ ነው። የዚህ ጥናት አቋም፣ የልጅን የመደነቅ ስሜት ሳይበላሽ ለማቆየት ከዚህ የተሻለ ዘዴ እስካሁን አልተገኘም የሚል ነው።

ማስረጃው ሩቅ አይደለም። ለልጅ የተሰጠች ባለባትሪ መኪና በመጀመሪያው ቀን ትሮጣለች፣ በማግስቱ ሆዷ ይከፈታል፣ በሦስተኛው ቀን አንድ ጎማዋ ከሶፋ ሥር ይገኛል፤ መደነቅም እዚያ ላይ ያበቃል። ከመስታወት ጀርባ ያለችው ግን ለዓመታት ታስደንቃለች፤ በመስታወቱ ላይ በልጅ ቁመት ልክ የሚታየው የአፍንጫ ወዝ ለዚህ ምስክር ነው። ክልከላው የእጅ ሙያም ያስተምራል። ልጁ ደጅ ወጥቶ ከሰርዲን ጣሳና ከአራት ቆርኪ የራሱን መኪና ይሠራል፤ ብትሰበር የሚቆጣው የለም፣ መለዋወጫዋም ከግሮሰሪ ደጃፍ በነፃ ይለቀማል። ሲኒዎቹን እንዳትነካ የተባለችው እህቱ ደግሞ በጣሳ ክዳን እቃ እቃ ትጫወታለች፤ ጭቃውን ዶሮ ወጥ ብላ አቅርባ፣ አልበላም ያለውን ሁሉ በሞቴ እያለች ታጎርሳለች።

አንዳንዶች ሕግ ይጠቅሱብናል። የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 የልጅን የመጫወት መብት ደንግጓል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን የተቀበለችው በግንቦት 1983 ዓ.ም.፣ ደርግ ሊወድቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው፤ በዚያ ወከባ መሀል ጨዋታን ያስታወሰ መንግሥት ምስጋና አይነፈገውም። ሆኖም አንቀጹ ልጅ ይጫወት ይላል እንጂ በየትኛው አሻንጉሊት እንደሆነ አይዘረዝርም፤ የቡፌውን ቁልፍ ማን እንደሚይዝም አይናገርም። ሕግ ዝም ባለበት የእናት ቃል ይጸናል።

ከበድ የሚለው ተቃውሞ፣ የልጁ ስሜት አይጎዳም ወይ የሚለው ነው። ለዚህ እንግዳ የመጣ ዕለት የሚሆነውን ማየት ያስፈልጋል። የእንግዳዋ ልጅ ጣቱን ወደ መስታወቱ ሲቀስር፣ ጠፍቶ የከረመው ቁልፍ ወዲያው ይገኛል፤ ካርቶኑ ይከፈታል፣ መኪናዋ ምንጣፍ ላይ ትወርዳለች። ባለንብረቱ ሲያለቅስ «አንተ እኮ ትልቅ ነህ!» ይባላል። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ በአዋቂዎቹ ወሬ ጣልቃ ሲገባ ደግሞ «አንተ ልጅ ነህ፣ ወጥተህ ተጫወት!» ይባላል። ተቺዎች ይህን ግራ ማጋባት ይሉታል፤ እኛ ግን በአንድ ከሰዓት ሁለት ዕድሜ መኖርን የሚያስተምር መዋዕለ ሕፃናት አላገኘንም። ልቅሶውንም ቢሆን፣ ልጅ ስሜቱን አውጥቶ ይግለጽ የሚሉት ራሳቸው ባለሙያዎቹ ናቸው። ስስት ነው የሚለውን ግን አንቀበልም። ያው ልጅ ማታ እንቆቅልሽ ሲጫወት መልሱ ጠፍቶት «አገር ስጠኝ» ሲባል፣ ጎንደርን ያህል አገር ሳያንገራግር ይሰጣል። ጎንደርን ማንም አልቆለፈበትማ!

አንድ ጉድለት ሳንሸሽግ እንጥቀስ። ካርቶኑ ላይ «ከ3 ዓመት በላይ» የሚል አለ፤ እስከ ስንት ዓመት እንደሆነ ግን አልተጻፈም። ስለዚህ ይጠበቃል። ባለቤቷ ዩኒቨርሲቲ ሲጨርስ የምረቃ ፎቶግራፉ እዚያው መደርደሪያ ላይ ከጎኗ ይቆማል፤ ያን ጊዜ «በል፣ ውሰዳት» ይባላል።